ወንድምጋሼ የዳኘበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ተሻለች ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ስትወጣ፣ የወንድሟን ልጅ ኢዩን የዶሮ ቤቱ በር ላይ ተንበርክኮ አገኘችው። አንድ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ ወደ ውስጥ ሰድዷል። እንቁላል የሚለቅም መስሏት ልታልፈው ስትል፣ ልጁ እጁን ባዶውን አወጣና አጠገቡ መሬት ላይ የነበረውን አንድ እግር ታኬታ አንስቶ እሱንም ወደ ውስጥ ገፋው። የታቀፈችው ዶሮ ተቆጥታ ጮኸች።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

ኢዩ ደንግጦ ዞረ። አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ፣ ቀጠን ያለ፣ ጉልበቱ ላይ ጭረት የማይጠፋ ልጅ ነው። ከአክስቱ በቀር ማንም አለመኖሩን ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታኬታው ጠፋ በይልኝ» አላት።

«ለማን?»

«ለአባዬ። ታኬታ ከሌለኝ አልጫወትም። ካልተጫወትኩ ደግሞ እሱም አይመጣም።»

«ኳስ ሰልችቶህ ነው?»

«ኧረ አልሰለቸኝም። እሱ የማይመጣበት ጨዋታ ቢኖር…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የሱሪውን ጉልበት ማራገፍ ጀመረ።

ተሻለች ቧንቧው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለዚህ ልጅ ቤት ውስጥ አክስቱ ናት፤ አዳማ ደምበላ ሰፈር ያለው ሜዳ ላይ ግን ኮች ተሼ ናት። ቀን ቀን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች፤ ሲመሽ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ታሠለጥናለች። አሁን በየትኛዋ አፍ መመለስ እንዳለባት ለመወሰን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ልጁ ታኬታ ሲደብቅ ስላየችው አልተናደደችም። ያሳዘናት ልጁ ይህን ያህል አስቦበት መነሳቱ ነው። ሌሊት ተኝቶ ሲያሰላስል፣ ዶሮ ቤቱን ሲመርጥ፣ ዶሮዋ እንዳትነቁረው እየፈራ እጁን ሲሰድ ታያት። የሚወደውን ነገር ለማምለጥ ነው ይህ ሁሉ ድካም።

«አውጣው» አለችው በመጨረሻ። «የአባትህን ነገር ለኔ ተወው።»

ኢዩ አመናት፤ ታኬታውን አውጥቶ የዶሮ ኩሱን በቧንቧው ውኃ ማጠብ ጀመረ። እሷ ግን ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

የኢዩ አባት አብተው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከወሩ ውስጥ አብዛኛውን ቀን ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲያመላልስ ያሳልፋል፤ እቤቱ ሲገባ ደግሞ የጎደለበትን ጊዜ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሞላው የሚፈልግ ሰው ነው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግናል፣ የግቢውን በር ቀለም ይቀባል፣ ሚስቱን ኤቢሴን ከገበያ ያመላልሳል፣ ልጁን ኳስ ተጫዋች ያደርጋል። ሜዳ ሲሄድ ከመስመሩ ዳር እየሮጠ ከመስመር ዳኛው በላይ ይደክማል። «ምታ! ለማን ነው የምትሰጠው? ወደ ፊት!» እያለ ሲጮህ ድምፁ ከሜዳው አልፎ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎችን ያዞራል። ተሻለች ወላጆችን ሰብስባ «እናንተ አጨብጭቡላቸው፤ ምን እንደሚያደርጉ መንገሩን ለኔ ተዉልኝ» ብላ ለምና ነበር። ያን ቀን ከሁሉም በላይ ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው አብተው ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ገና ኳሷ ከመሃል ሜዳ ሳትነሳ ረሳው። ኢዩ ኳስ በደረሰው ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው አባቱ ያለበትን ዳር ነው፤ ዓይኑን ወደ ሜዳው ሲመልስ ኳሷ ተወስዳለች።

ይህን ለወንድሟ አንድ በአንድ ልትነግረው ብዙ ጊዜ አስባለች፤ አልሆነላትም። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ልጅ ሆና ከወንዶች ጋር ኳስ ስትራገጥ አጎቶቿ «ሴት ልጅ እግሯን ትሰብራለች፣ ማን ያገባታል» ሲሉ፣ ከጅቡቲ የመጀመሪያ ታኬታዋን አምጥቶ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠላት እሱ ነው። ዛሬም የምትኖረው በእሱ ግቢ፣ ኋላ ባለችው ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ኳስ «አፍህን ዝጋ» የምትልበትን ለዛ ያለው ቋንቋ አላገኘችም። ስለዚህ ሁለቱም ማዕድ ላይ ሲገናኙ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ያወራሉ፤ ስለ ኢዩ ጉዳይ ሲደርሱ አንዱ ውኃ ይጠጣል፣ አንዷ ሣህን ታነሳለች።

ያን ዕለት ጠዋት ኤቢሴ ጨጨብሳውን በትልቅ ሣህን አቅርባ፣ ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጨመረ እያማረረች ሻይ ትቀዳለች። አብተው የሚጫወተው እሱ ይመስል የስፖርት ቱታ ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ ተቀምጧል።

«ዛሬ አጥቂ ነው አይደል የሚሰለፈው?» አለ እያኘከ።

«ዛሬም እየተቀያየሩ ነው የሚጫወቱት፣ ወንድምጋሼ» አለች ተሻለች።

«መቀያየር ለጎማ ነው። ልጅ አንድ ቦታ ይዞ ነው የሚያድገው።»

«በዚህ ዕድሜ ሁሉንም ቦታ ቢያዩት ነው የሚሻለው።»

አብተው ሻዩን ፉት አለ። «እኔ ላስቀይምሽ አልፈልግም። ግን ዛሬም ተከላካይ ካደረግሽው፣ ከሰኞ ጀምሮ ወደዚያ አዲሱ አካዳሚ እወስደዋለሁ። እዚያ አጥቂ ነው የሚያደርጉት፤ ጠይቄያለሁ።»

ኢዩ ጨጨብሳውን በሹካ እየከፋፈለ አንገቱን አላነሳም። ኤቢሴ ባሏን አየችው፤ ከዚያ ተሻለችን አየቻት፤ «ሻይ ልጨምርላችሁ?» አለች። ሁሉም ብርጭቋቸው ሙሉ ነበር።

ልጆቹን ለዕለቱ ጨዋታ ሞጆ የሚወስደው ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ተነሳ። በሦስት ሰው ወንበር ላይ አምስት ልጅ ተጠቅጥቆ፣ የማልያ ማዳበሪያው ጣሪያው ላይ ታስሮ፣ አብተው ጋቢና ገብቶ ተነሱ። ከተማውን ሲለቁ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች በዝግታ ይዞራሉ፤ መንገዱን ሞልተው የሚሄዱትን ተሳቢዎች ልጆቹ እየቆጠሩ ይከራከራሉ። የቡድኑ ብቸኛ ሴት ሀሴት መዝሙር ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ሙስዓብ የሚባለው ወፍራም በረኛቸው፣ ከእናቱ የተላከለትን ሳምቡሳ ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ አከፋፍሎ ጨርሷል። ኢዩ ብቻ ፊቱን መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ተሻለች አጠገቡ ተቀምጣ፣ ለጠዋቱ ቃሏ መላ እየፈለገች ነበር። «አሞኛል ልበልና ጨዋታውን ላሰርዘው?» ብላ አሰበች። «ኤቢሴ ደውላ አብተውን ወደ ቤት ትጥራው?» የሚለውንም አሰበች። አንዱም አልጣማትም።

ሜዳው ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። ከጎሉ ኋላ ራቅ ብሎ የደረቅ ወደቡ ኮንቴይነሮች ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሆነው ተደርድረው ይታያሉ፤ ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር የቆዳ ፋብሪካው ሽታ መጥቶ ልጆቹን አፍንጫቸውን ያስይዛቸዋል። የሞጆው አሠልጣኝ ጂብሪል ነጭ ጢም ያለው፣ እርጋታው የሚያስቀና ሰው ነው። «አካም ቡልታን?» ብሎ ሁሉንም በየተራ ከጨበጠ በኋላ ተሻለችን ለብቻ ወሰዳት።

«ዳኛው አይመጣም» አላት። «ሌሊት ሚስቱን ምጥ ይዟት ሆስፒታል ነበሩ። አሁን ደወለልኝ፤ በሰላም ተገላግላለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች ተሻለች። «እና ምን ይሻላል?»

«እኔ እንዳልዳኝ አሠልጣኝ ነኝ፣ አንቺም ያው ነሽ። ልጆቹን ዝም ብለው ይራገጡ ብንላቸውስ?»

ልጆቹ ግን ማልያቸውን ለብሰው፣ ታኬታቸውን አስረው፣ በሁለት ወገን ተሰልፈው እያዩአቸው ነበር። ዝም ብሎ መራገጥ እንደማይበቃቸው ፊታቸው ላይ ተጽፏል። በዚህ መሃል ከኋላዋ የአብተውን ድምፅ ሰማች። ለአንድ የማያውቀው የሞጆ ወላጅ ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ነገር መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደማይያዝ በሁለት የውኃ ፕላስቲክ እያሳየ ያስረዳል። የሰውየውም ጥያቄ አልቆ አብተው ገና አልጨረሰም። ተሻለች ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት።

«ወንድሜ ይዳኝ» አለች።

ጂብሪል ዞር ብሎ አየው። ባለፈው አዳማ ላይ ሲጋጠሙ ያን ድምፅ ሰምቶታል። «ልጁ ካንቺ ቡድን አይደለም እንዴ? የኔ ወላጆች ምን ይሉኛል?»

«ጋሽ ጂብሪል፣ ከሜዳው ልጅ ሁሉ አብልጦ የሚቆጣው የገዛ ልጁን ነው። ያዳላል ብለው አይስጉ።»

ሽማግሌው ጢሙን እየዳበሰ ሳቀ። ነገሩ ገብቶታል። ሄዶ ፊሽካውን ሲሰጠው አብተው መጀመሪያ «እኔ?» አለ፤ ቀጥሎ ኮፍያውን ከኋላ ወደ ፊት አዞረ፤ ቀጥሎ «ሕጉን እንደሆነ አውቀዋለሁ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ኦቦ አብተው» አለው ጂብሪል። «ዳኛ ከፊሽካው ሌላ አፍ የለውም።»

አብተው ደረቱን ነፍቶ ወደ መሃል ሜዳ ሲሄድ ተሻለች አንድ እርምጃ ተከተለችው። ታላቅ ወንድሟን በሰው ፊት ወጥመድ ውስጥ እንዳስገባችው ተሰማት። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ ፊሽካው ቀደማት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ችግር መጣ። ኳሷ ለኢዩ ደረሰች፤ ከፊቱ ሜዳው ክፍት ነው፤ አብተው ደግሞ ከአጠገቡ ነው። «ወደ ፊት» ሊል ሲል ፊሽካው አፉ ውስጥ ኖሮ፣ ትንፋሹ በሙሉ በፊሽካው ወጣ። ዘጠኝ ለዘጠኝ የሚጫወቱት አሥራ ስምንቱም ልጆች ባሉበት ቆሙ። ማንም አልወደቀም፣ ማንም ማንንም አልነካም። ሁሉም ዳኛውን ያያል። አብተው ጉሮሮውን ጠራረገና ኳሷን በእጁ ይዞ ሁለት ልጆች መካከል ጣላት። ከዚያ በኋላ ፊሽካውን በእጁ ነው የያዘው፤ ልጁ ኳስ ሲይዝ ግን ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ይነክስ ነበር።

ተሻለች ዓይኗን ከኢዩ ላይ አልነቀለችም። ቀጥሎ ኳስ ሲደርሰው እንደ ልማዱ ወደ ዳር አየ። ዳሩ ላይ ማንም የለም። ለቅጽበት ግራ እንደተጋባ ቆመና ተነጠቀ። ሦስተኛዋ ኳስ ስትመጣ ግን ወደ ዳር አላየም፤ ቀና ብሎ ሜዳውን አየ፤ ሀሴት በግራ ክንፍ ስትሮጥ አገኛትና ሰጣት። ከዚያ በኋላ ያለው ልጅ እሷ በሰኞና በረቡዕ ልምምድ ላይ የምታውቀው ልጅ ነው። ሲሳሳት ምላሱን አውጥቶ ይስቃል፤ ተነጥቆ ተመልሶ ይነጥቃል። በዳር ቆማ እጇን አጣምራ እያየችው፣ ጠዋት ከዶሮ ቤት በር ላይ ያነሳችው ልጅ ይህ ነው ብሎ ለማመን ቸገራት።

ለአብተው ግን ቀኑ ቀላል አልነበረም። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ ቱታው ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ልጆቹ ደግሞ አይደክሙም። ሞጆዎች አንድ ካገቡ በኋላ እንኳ ወላጆቻቸው አልተዉትም። «ዳኛ፣ ኮንቴይነር ጭነሃል እንዴ? ፈጠን በል» ይላል አንዱ። «ከአዳማ የመጣ ምን ፍርድ ይሰጣል?» ትላለች ሌላዋ። ከሁሉም የባሰው ቶሌራ የሚሉት፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ብርቱካናማ የሥራ ጃኬት የለበሰ ሰው ነበር። የሞጆው ዘጠኝ ቁጥር አባት ነው። በዳር እየሮጠ አንዴ ዳኛውን፣ አንዴ ልጁን ይጮህበታል፤ «ምታ! ለማን ነው የምትሰጠው?» ሲል ተሻለች ድምፁን ሳይሆን ቃሉን ሰምታ ደነገጠች። አብተው ሜዳው መሃል ሆኖ አንገቱን ዘወር አድርጎ ሰውየውን አየው። ምን እንዳሰበ ከፊቱ ላይ ማንበብ አልተቻለም፤ ላቡን ጠርጎ ሮጠ።

ለእረፍት ሲወጡ ልጆቹ ጥላ ሥር ተዘረጉ። ተሻለች ልማዷ ነው፤ ውኃ ጠጥተው፣ ተገፋፍተው፣ ተሳስቀው እስኪጨርሱ ምንም አትናገርም። አብተው ውኃ ሊጠጣ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። እሷ እንዳላየችው ሆነች።

«እሺ፣ ምን አያችሁ?» አለች ቁጢጥ ብላ።

«ጠንካሮች ናቸው» አለ አንዱ። «ዳኛው አያይም» አለ ሌላው፤ ከዚያ ዳኛው ከኋላው መቆሙን አየና ውኃው ትን አለው። ሁሉም ሳቁ፤ አብተውም ሳይወድ ፈገግ አለ።

«ስለ ዳኛው ተዉት። ሜዳው ላይ ባዶ ቦታ የት አለ?»

ሁሉም ወደ ሜዳው ዞረው አዩ። ተሻለች ጠበቀች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ግን አልተናገረችም። በመጨረሻ ሙስዓብ ሣር እየነጨ፣ «እኔ ከጎል ሆኜ ሳየው» አለ፣ «ቀኝ ተከላካያቸው ኳስ ባገኘ ቁጥር ወደኛ ይመጣል። ሲመለስ በእርምጃ ነው። ኋላው ባዶ ነው።»

«እኔ እኮ እዚያ ነኝ» አለች ሀሴት። «ግን ኳሱ ሲዘገይ እሱ ይመለሳል።»

«ሳልቆጣጠር በአንድ ንክኪ ብልክልሽስ?» አላት ኢዩ።

«እንዳትመታው ብቻ። ፊቴ ጣልልኝ፣ እደርስበታለሁ።»

«ሞክሩት» አለች ተሻለች ተነስታ። «ባይሳካም ደግማችሁ ሞክሩት። ኢዩ፣ አሁን መሃል ሁን።» ሌላ አልጨመረችም። ዞር ስትል አብተው የውኃውን ፕላስቲክ እንደያዘ፣ መጠጣቱን ረስቶ ልጆቹን ቁልቁል እያየ ነበር።

መጀመሪያ አልተሳካም፤ ኳሷ ወጣች። ሁለተኛም አልተሳካም። ቀጥሎ ግን ኢዩ ከመሃል ሳይቆጣጠር በውስጥ እግሩ ገፋት፤ ሀሴት ያንን ባዶ ቦታ እንደ ሜዳ አህያ ሰንጥቃ ሄደች፤ በረኛው ሲወጣ ከጎኑ አሳለፈችበት። አንድ ለአንድ። ልጆቹ ተንከባለሉባት። አብተው እጁ ለጭብጨባ ግማሽ ድረስ ተነስቶ ነበር፤ ዳኛ መሆኑ ትዝ ሲለው ጭንቅላቱን አከከበት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ በአዳማዎች ጎል አካባቢ ትርምስ ሆነ። ኳስ ተሻማች፤ ሦስት አራት ልጅ ዘለለ፤ ኳሷ ከአንዱ ክንድ ላይ ነጥራ ወጣች። ማንም ልብ አላለም፤ የሞጆ ልጆችም ለማዕዘን ምት እየሄዱ ነበር። ፊሽካው ያን ጊዜ ተነፋ። አብተው ቆሞ እያለከለከ፣ በጣቱ የፔናሊቲውን ቦታ አሳየ። ኳሷ ክንዱን የነካችው ልጅ ኢዩ ነበር።

ከአዳማ የመጡት ወላጆች ጎን አንዲት እናት «እንዴ፣ የገዛ ልጁ ላይ?» አለች። የሞጆዎቹም አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ የሚሳደቡበት አጡ። ኢዩ አባቱን አየው። ተሻለች ወደ መስመሩ ተጠጋች። ልጁ ግን ክንዱን ጨበጥ አድርጎ «አዎ፣ ነክቶኛል» አለና ወደ ኋላ ተመለሰ። አብተው እያለፈ ትከሻውን መታ አደረገው።

ኳሷን ያስቀመጠው ዘጠኝ ቁጥሩ ነው። ከዳር ቶሌራ ጮኸ፤ «በቀኝ ምታ! አታስብ! በቀኝ አልኩህ እኮ!» ልጁ ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሲራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ አባቱን ያያል። በረኛውን አንድም ጊዜ አላየውም። አብተው ከልጁ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ ተሻለች ከሩቅ ሆና ወንድሟ የሚያየውን ተከትላ አየች። የልጁ ቁምጣ ይንቀጠቀጣል። ጉልበቱ ነው የሚንቀጠቀጠው። አብተው ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳይነፋው ቆየ። ከነፋው በኋላም ልጁ እየሮጠ አባቱን አየ፤ ኳሷን የመታው በጣቱ ጫፍ ነው። ዘግይታ ተንከባልላ ሄዳ ሙስዓብ ሆድ ሥር ገባች።

«የማትረባ!» የሚል ድምፅ ከዳር መጣ።

አብተው ሰዓቱን አቆመ። ጨዋታውን አስቁሞ፣ ያን ሁሉ ሜዳ እያነከሰ አቋርጦ ወደ ቶሌራ ሄደ። ሰዎች ጠብ ነው ብለው ተጠጉ፤ ጂብሪልም ተሻለችም ሮጡ። ሲደርሱ ግን አብተው ድምፁን ጎረቤት እንዳይሰማ ያህል ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

«ወንድሜ፣ አንተ ከዚህ ሆነህ አይታይህም» አለው። «እኔም ከዚህ ሆኜ አይታየኝም ነበር። ልጁ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ኳሱን ፈርቶ አይደለም። አንተን እያየ ነው።»

ቶሌራ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ከአብተው ትከሻ በላይ ልጁን አየ። ልጁ እዚያው ፔናሊቲው ቦታ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ሰውየው ብርቱካናማ ጃኬቱን አወለቀ፤ አጣጥፎ ሣሩ ላይ አነጠፈውና ተቀመጠበት።

ዘጠኝ ቁጥሩ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ልጅ አታሎ፣ በግራ እግሩ፣ ማንም ሳይነግረው። ሁለት ለአንድ። አብተው የመዝጊያውን ፊሽካ ሲነፋ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ የልጆቹ ሁሉ ወግ ጨዋታው ላይ ሲሆን የእሱ ሐሳብ ውኃ ላይ ነበር።

ጂብሪል ለሁለቱም ቡድን ሙዝ አስመጥቶ ኖሮ፣ ያሸነፉትና የተሸነፉት ተቀላቅለው ዛፍ ሥር ሲበሉ ለመለየት አስቸገሩ። ሙስዓብ ፔናሊቲውን እንዴት እንደያዘው በሆዱ እያሳየ ለሞጆ ልጆች ደጋግሞ ይተርካል። ቶሌራ ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ አብተውን እጁን ዘርግቶ ጨበጠውና ፊቱን ትክ ብሎ አየው። «አንተ የቀዩ ተሳቢ ሹፌር አይደለህም? ወደቡ ውስጥ እኔ እኮ ነኝ በክሬን የማወርድልህ።» አብተው ሳቀ። «ለዚህ ነዋ ድምፅህን የማውቀው። ክሬን ላይ ሆነህ ስትጮህብኝ ስንት ዓመትህ?» ተያይዘው ሳቁ፤ ቶሌራም «ገላቶማ» ብሎ አመስግኖት ወደ ልጁ ሄደ። ልጁ ሙዝ እየላጠ ነበር፤ ግማሹን ሰጠው።

ተሻለች ማልያዎቹን ወደ ማዳበሪያው ስትከት አብተው ሊያግዛት መጣ። ጎንበስ ብለው አብረው አጣጠፉ።

«አውቀሽ ነው አይደል?» አለ እጁ ላይ ያለውን ማልያ እያየ።

ልትዋሸው አሰበች። «አዎ፣ ወንድምጋሼ።»

ማልያውን ከትቶ ሌላ አነሳ። «በአፍሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አልቻልኩም።»

ማልያውን አጣጥፎ ከተተ። እሷም የቀሩትን አቀበለችው፤ እንደ ማዕዱ ጊዜ ግን ወሬ የቀየረ አልነበረም። «ጉልበቴን ግን ገደልሽው» አለ በመጨረሻ፣ ማዳበሪያውን ጥርቅም አድርጎ እያሰረ። «ደረጃ እንዴት እንደምወጣ እንጃ። አካዳሚው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቢሮው፤ ለመመዝገብም ለመጠየቅም አልችል።» ተሻለች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱም ሳይስቅ ሄደ፣ ጀርባው ግን ይስቅ ነበር።

ሲመለሱ ልጆቹ እንደተሸነፉ የሚያስታውስ አልነበረም። ሀሴት አዲስ መዝሙር አውጥታለች፤ ግጥሙ ስለ ሙስዓብ ሆድ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ራሱ ሙስዓብ ነው። ኢዩ ጋቢና ገብቶ በአባቱና በሹፌሩ መሃል ተቀምጧል፤ ተሻለች ከኋላቸው ናት። ከጨዋታ በኋላ ያለው መንገድ ሁልጊዜ የአብተው ሰዓት ነው። ከመነሻው እስከ ቤት ድረስ ኢዩ የሳተውን፣ የተነጠቀውን፣ ያላየውን አንድ በአንድ ያነሳል፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። ዛሬም መኪናው አስፋልቱን ሲይዝ ኢዩ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ጠበቀ። ተሻለችም ጠበቀች። አብተው ጉልበቱን ያሻል፣ መንገዱን ያያል። የሞጆን ድልድይ አልፈው፣ ዳገቱን ይዘው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እኮ» አለ ልጁን ሳያየው፣ «ዳኝነቱ ይዞኝ አንተ እንዴት እንደተጫወትክ በደንብ አላየሁም። የሀሴቷ ጎል እንዴት ነበር? ኳሷ ከየት መጣች?»

ኢዩ አባቱን ሰረቅ አድርጎ አየው፤ ወጥመድ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ይመስላል። ቀስ ብሎ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ እንደተበላሸባቸው ነገረው። ቀጥሎ ድምፁ ከፍ አለ፤ ቀጥሎ እጁም አብሮት መናገር ጀመረ። የመኪናውን ዳሽቦርድ ሜዳ አደረገው፤ የሹፌሩ ስልክ ቀኝ ተከላካዩ ሆነ፤ የሙዝ ልጣጯ ሀሴት ሆነች፤ ኳሷ በአየር ላይ እያለች እሱ ምን እንዳሰበ፣ እግሩን እንዴት እንዳዞረ፣ እንዳትረዝምበት እንዴት እንደፈራ እያሳየ ቀጠለ። ሹፌሩ ሳይቀር ፍጥነቱን ቀንሶ ይሰማል። ኢዩ ትንፋሽ ሊወስድ ቆም አለ።

አብተው ወደ ልጁ ዞሮ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ከዚያስ?» አለው።